ጥፋት ወይስ ጭንቀት?

ባለፈው መስከረም ታናሽ እህቴ ከልጇ ት/ቤት የተጻፈላትን ደብዳቤ ይዛ ቤቴ መጣች። ደብዳቤው አጭር ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጇ «በተደጋጋሚ የሥነ ሥርዓት ጉድለት ያሳየ በመሆኑ»፣ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «የሚያረጋጋ መድኃኒት» ካልጀመረ በቀር ት/ቤቱ ሊያስተምረው እንደማይችል ይገልጻል። ልጁ ኦቲዝም አለበት። የሚናገራቸው ቃላትም ጥቂት ናቸው።

«ጋሼ፣ አንተ የሕግ ሰው ነህ፤ መልሱን ጻፍልኝ» አለችኝ።

ሕግ የተማረ ሰው ደብዳቤ መጻፍ አያቅተውም። እኔን ያቃተኝ ሌላ ነው። «የሥነ ሥርዓት ጉድለት» የሚለውን ሳነብ ከሁለት ዓመት በፊት ራሴ ያደረግሁት ትዝ አለኝ። የዘመድ ሠርግ ላይ ነበርን። የድምፅ ማጉያው አዳራሹን ያናውጠዋል። ልጁ ጆሮዎቹን በእጆቹ ይዞ ጠረጴዛ ሥር ገባ። «ውጣ፣ ሰው እያየን ነው» ብዬ ጎተትኩት። እጄን ነከሰኝ። እኔም በጥፊ አልኩት። አጠገባችን የነበሩ ትልልቅ ሰዎች «ደግ አደረግህ፤ ልጅ ካልተቆነጠጠ ሰው አይሆንም» አሉኝ። ያን ዕለት ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ቅጣት አስፈጻሚውም እኔው ነበርኩ።

ስለዚህ መልሱን ከመጻፌ በፊት ማንበብ ጀመርኩ። ሐኪም አይደለሁም። ይሁንና ያነበብኩትን በገባኝ መጠን ባካፍላችሁ፣ ሌላ ሠርግ ላይ ሌላ ልጅ ከጥፊ ሊተርፍ ይችላል። (የጥናቶቹ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦቲዝምን በዚህ ስሙ ለይቶ የገለጸው በአሜሪካ ይሠራ የነበረው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሊዮ ካነር ነው። በ1943 ስለ 11 ልጆች ጻፈ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት አሥርት ዓመታት ጥፋተኛ ሲፈለግ ጣት የተቀሰረው እናቶች ላይ ነበር፤ ፍቅር የነፈጉ እናቶች ያመጡት ችግር ነው ተባለ። በ1964 በርናርድ ሪምላንድ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ራሱም ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት፣ መነሻው የነርቭ ሥርዓት ላይ ነው ብሎ የተከራከረበትን መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ በእናቶቹ ላይ የተሰጠው ፍርድ ተሽሯል። በልጆቹ ላይ ግን በየቤቱና በየት/ቤቱ መፍረዳችንን አልተውንም።

አሁን ወደ ሰውነታችን ልመለስ። እዚህ ላይ ጭንቀት የምለው የቤት ኪራይ ሐሳብን አይደለም። በጨለማ ስትሄዱ ጅብ ቢገጥማችሁ ሰውነታችሁ የሚያደርገውን ነው። መጀመሪያ አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ያልበዋል። ቀጥሎ በአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ፣ ፒቱታሪ ደግሞ ኩላሊቶቻችን ላይ ለተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች መልእክት ያስተላልፋል። እነዚህም ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ። ኮርቲዞል በጤናማ ቀን ጠዋት ከፍ ይላል፣ ማታ ዝቅ ይላል። መጠኑ ከምራቅ ሊለካ ስለሚችል ልጅን በመርፌ ሳያስለቅሱ ማጥናት ተችሏል።

ብላይዝ ኮርቤት የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2006 ባወጡት ጥናት ልጆችን የኤም.አር.አይ. መሣሪያ አምሳያ ውስጥ አስገብተው ምራቃቸውን መረመሩ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ኮርቲዞል ከእኩዮቻቸው ይበልጥ ጨመረ። በ2010 ደግሞ ልጆቹ ከማያውቋቸው ልጆች ጋር በመጫወቻ ሜዳ ሲገናኙ ለኩ። ለሌላው ልጅ ደስታ የሆነው ሜዳ ለብዙዎቹ የጭንቀት ቦታ ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው የ2012ቱ ነው። ልጆቹ ዳኞች ፊት ቆመው ንግግር እንዲያደርጉ ሲጠየቁ የእኩዮቻቸው ኮርቲዞል ሲያሻቅብ፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም። በሌላ አነጋገር የሚያስፈራቸው እኛን የሚያስፈራን አይደለም። እኛ «ምን አለበት?» የምንለው ነገር ለእነሱ ጅብ ሊሆን ይችላል። በእርግጥ ሁሉም ልጅ አንድ አይደለም፤ የጥናቶቹ ውጤትም ከልጅ ልጅ ይለያያል።

የሠርጉን ነገር ያስረዳኝ ግን በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ያወጡት ሥራ ነው። ልጆቹ የሚረብሽ ድምፅ ሲያሰሟቸውና የሚኮሰኩስ የሱፍ ጨርቅ ሲያስነኳቸው አንጎላቸውን በምስል ተከታተሉ። አብዛኞቻችን ለጥቂት ጊዜ ከሰማነው በኋላ ጩኸቱን እንለምደዋለን። ለድምፅና ለንክኪ እጅግ ስሱ የሆኑት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አንጎል ግን እንደዚያ በቀላሉ አልለመደም። እኔ «ይለምደዋል» ብዬ ጠረጴዛ ሥር የጎተትኩት ልጅ ጩኸቱ በየደቂቃው እንደ አዲስ ሆኖበት ነበር ማለት ነው።

«ታዲያ ድንገት ለምን ይናከሳል?» የሚል ይኖራል። ድንገት ላይሆን ይችላል። ማቲው ጉድዊን የመራው ቡድን ሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙ 20 ልጆችና ወጣቶች የልብ ምትን፣ የቆዳ ላብንና እንቅስቃሴን የሚለካ የእጅ አምባር እንዲያደርጉ አደረገ። በ2019 ባሳተሙት ውጤት መሠረት፣ ያለፉትን ሦስት ደቂቃዎች መረጃ በማየት ልጁ ሰው ላይ ጉዳት ሊያደርስ መሆኑን ከአንድ ደቂቃ በፊት መገመት ይቻላል። ግምቱ ሁልጊዜ አይሠምርም፤ ከዕድለኝነት ግን እጅግ የተሻለ ነው። አፉ ዝም ያለ ልጅ ሰውነቱ አስቀድሞ ይናገራል፤ ሰሚ ነው ያጣው።

የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 23 ወንጀል ተፈጸመ የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች በአንድነት ሲገኙ ነው ይላል። ድርጊቱ ብቻውን አይበቃም፤ የአድራጊው አሳብ ወይም ቸልተኝነት መታየት አለበት። ለነፍሰ ገዳይ የምናደርገውን ይህን ማጣራት ጆሮውን ይዞ ለሚጮህ ልጅ ስንነፍገው ምን ይባላል?

ወደ ሕክምናው ልምጣ። ት/ቤቱ የጠየቀው ዓይነት መድኃኒት በእርግጥ አለ። በ2002 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ላይ ከባድ የቁጣና ራስን የመጉዳት ችግር ያለባቸው 101 ልጆች ተሳትፈዋል። ሪስፐሪዶን ለስምንት ሳምንት ከወሰዱት 69 በመቶው፣ የማስመሰያ መድኃኒት ከወሰዱት ደግሞ 12 በመቶው ብቻ ግልጽ መሻሻል አሳዩ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም በ2006 ለዚሁ ጉዳይ ፈቀደው። ዋጋ ግን አለው፤ መድኃኒቱን የወሰዱት ልጆች በእነዚያ ስምንት ሳምንታት ብቻ በአማካይ 2.7 ኪሎ ጨመሩ። ደግሞም ቁጣውን ያበርዳል እንጂ ኦቲዝምን አያድንም። ለኦቲዝም መሠረታዊ ባሕርያት የተረጋገጠ መድኃኒት እስካሁን የለም። ብዙ ተስፋ የተጣለበት ኦክሲቶሲን እንኳ በ2021 በታተመ ትልቅ ሙከራ ከማስመሰያው አልተሻለም።

በሌላ በኩል ወላጆችን ማሠልጠን ራሱ ሕክምና ነው። በ2015 የወጣ ጥናት ከ3 እስከ 7 ዓመት የሆናቸው 180 ልጆችን አካትቷል። ከችግሩ በፊት ምን እንደሚቀድም እየመዘገቡ ሁኔታውን መለወጥ የተማሩ ወላጆች ልጆች ላይ ቁጣው በ48 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ስለ ኦቲዝም ትምህርት ብቻ ባገኙት ወላጆች ልጆች ላይ በ32 በመቶ። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አደረገ?» ሳይሆን «ከዚያ በፊት ምን ሆነ?» የሚለው ነው። ጥርሱን አሞት ይሆን? ሆዱ ደርቆ? ሌሊት ሳይተኛ አድሮ? ደወሉ ነው? መምህሩ ሳይነግረው ክፍል ቀይሮበት?

ጭንቀቱ ደግሞ በልጁ አያበቃም። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 እንደጻፉት፣ ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶችና ጎልማሶች እናቶች የቀን ኮርቲዞል ከሌሎች እናቶች ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ይህም ለረጅም ጊዜ በጭንቀት የኖሩ፣ ለምሳሌ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ሰዎች ላይ የሚታይ ዓይነት ነው። በአገራችንም በ2016 በታተመ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ከተጠየቁት 102 አሳዳጊዎች 45 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራቱ አንድ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ሁኔታውን ለመደበቅ እንደሚሞክሩ ተናግረዋል። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት የራሷን ልጅ አደባባይ ይዛ የወጣችው ይህን ዝምታ ለመስበር ነበር። እሷ በ2021 አረፈች፤ ዝምታው ግን እህቴ ሳሎን ውስጥ አሁንም አለ። እህቴ ከዚያ ሠርግ ወዲህ የትም ድግስ ሄዳ አታውቅም።

በመጨረሻ መልሱን ጻፍኩ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1(ሠ) ጠቀስኩ፤ ሕፃናትን በት/ቤቶች ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ይጠብቃል። አገራችን ያጸደቀችውን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም አልረሳሁም። አብዛኛው ገጽ ግን ልመና ነው። ደወል ከመደወሉ በፊት ከክፍል ይውጣ። ሲከፋው የሚቀመጥበት ጸጥ ያለ ጥግ ይሰጠው። የቀኑ ፕሮግራም በሥዕል ይታየው። «አጠፋ» በተባለ ቁጥር ከዚያ በፊት የነበሩት አሥር ደቂቃዎች ይመዝገቡ። መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነ ደግሞ መዝገቡን አይቶ ሐኪሙ ይወስን፤ ይህ የርዕሰ መምህር ሥልጣን አይደለም።

ት/ቤቱ ለአንድ ወር ሊሞክረው ተስማምቷል። ወሩ ገና አላለቀም። ልጁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ይግባው አይግባው አላውቅም። በጥር የወንድማችን ልጅ ታገባለች። የጆሮ መሸፈኛ ገዝቼለታለሁ፤ በር አጠገብ ያለውን ጠረጴዛም አስይዣለሁ። እህቴ ግን እስካሁን እመጣለሁ አላለችኝም።