ፊደል የምትቆርጥ መኪና እንዴት ትመረጣለች?

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ በተግባረ እድ በኩል ወደ ልደታ የሚሄድ መንገደኛ ሳያስበው አንባቢ ሆኖ ይሄዳል። የጠበቃው፣ የመድኃኒት ቤቱ፣ የልብስ ሰፊው፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ የምግብ ቤቱ ታፔላ በግራና በቀኝ ተሰልፎ «ወደ እኔ ግባ» ይለዋል። ባለሱቁ ገና አፉን ሳይከፍት ስለ እርሱ የሚናገርለት ይህ ታፔላ ነው። ፊደሉ የተጣመመ፣ ጫፉም የተላጠ እንደ ሆነ ግን ስለ ባለቤቱ የሚናገረው መልካም ነገር አይሆንም።

ታፔላ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፣ ሥራው ግን ለብዙ ዘመን የአገራችን ቀለም ቀቢዎች የእጅ ጥበብ ሆኖ ኖሯል። ባለሙያው በቆርቆሮ ላይ በእርሳስ ያሰምራል፤ ፊደሉን በዐይኑ ለክቶ ይነድፋል፤ ከዚያም በብሩሽ ይሞላዋል። ዛሬ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ስቲከር በሚባለው ባለሙጫ ፕላስቲክ ነው። ፊደሉ በኮምፒዩተር ይነደፋል፤ ፕሎተር የምትባለው መኪና በቀጭን ምላጭ ትቆርጠዋለች፤ ሠራተኛው ትርፉን ይለቅምና ፊደሉን በመስታወት ወይም በአክሪሊክ ላይ ይለጥፈዋል።

ይህ ሙያ ለዓለምም ቢሆን በጣም የቆየ አይደለም። ጆሴፍ ጌርበር የሚባል፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. በቪየና ከተማ የተወለደ ሰው፣ ከናዚዎች አምልጦ በ1940 ዓ.ም. አሜሪካ ገባ፤ መሐንዲስም ሆኖ በኮኔክቲከት ግዛት ኩባንያ አቋቋመ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በኮምፒዩተር እየታዘዘች የስቲከር ፊደል የምትቆርጥ መኪና ለታፔላ ሠሪዎች ያቀረበው ይኸው ኩባንያ ነው። ከዚያ ወዲህ የጃፓኖቹ ሮላንድ፣ ግራፍቴክና ሚማኪ፣ የቤልጂጉ ሱማ፣ እንዲሁም ብዙ የቻይና ፋብሪካዎች በገበያው ላይ ተሰልፈዋል። ምርጫው በዛ፤ ምርጫ ሲበዛ ደግሞ መሳሳትም ይበዛል።

ሥራው እያደገ የሚሄድ የታፔላ ቤት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው መኪና ሳይኖረው ነው። ንድፉን በኮምፒዩተር ይሠራና መቁረጡን ለሌላ ቤት ይሰጣል። ደንበኛው ሲበዛ ግን ተራ መጠበቁ ያሰለቻል፤ ከትርፉም ብዙው ለቆራጩ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ «የራሴን ልግዛ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ዳሩ ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በችኮላ የተደረገ እንደ ሆነ የብዙ ዓመት ጥሪት በአንድ ቀን ይባክናል።

በተለይም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ እንዲህ ያለው ስሕተት እጅግ ውድ ሆኗል። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሁለት ሺህ ዶላር የምታወጣ መኪና፣ ማጓጓዣውና ቀረጡ ሳይታሰብ፣ ከ114,000 ብር ወደ 200,000 ብርና ከዚያ በላይ ዘለለች ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ለትንሽ ቤት የሠራተኛ ደመወዝ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ ነው።

ስለዚህ ነጋዴው ወደ መኪና ሻጭ ከመሄዱ በፊት ወደ ራሱ መዝገብ ይሂድ። ያለፉትን ሦስት ወራት ሥራ በሦስት ዐምድ ይጻፈው፤ የተቆረጠው ስቲከር ስፋቱ ምን ያህል ነበር? ርዝመቱ ስንት ሜትር ነበር? ለቆራጩስ ስንት ብር ተከፈለ? የሦስቱ ወር ክፍያ በአራት ሲባዛ የዓመቱን ይሰጣል። ከዚህ ላይ የምላጩን፣ የመብራቱንና የሠራተኛውን ወጪ ቀንሶ፣ የቀረውን ከመኪናይቱ ዋጋ ጋር ያስተያይ። መኪናይቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ዋጋዋን የማትመልስ ከሆነች ጥቂት መታገሥ ይሻላል።

መዝገቡ ስለ ስፋትም ይመክራል። ስቲከር በብዛት የሚመጣው በ61ና በ122 ሳንቲ ሜትር ስፋት ተጠቅልሎ ነው። ብዙ ሰው «ትልቋ መኪና የትንሿን ሥራ ትሠራለች» ብሎ ወደ ትልቋ ይቸኩላል። ነገር ግን የቢሮ በር፣ የሱቅ መስታወት፣ የመኪና ጎን ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ቁመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው፤ ትልቁንም ጽሑፍ ከፋፍሎ ቆርጦ ማገጣጠም ይቻላል። ከአምስት ሥራ አንዱ እንኳ ሰፊ ካልሆነ፣ በዚያው ገንዘብ ተራ የሆነችውን ትልቅ ከመግዛት ጥሩ የሆነችውን ትንሽ መግዛት ይበልጣል፤ ሰፊው ሥራ በመጣ ጊዜ እንደ ቀድሞው ወደ ሌላ ቤት ይላካል።

ቀጥሎ የሚታየው ሞተሯ ነው። ርካሾቹ ስቴፐር በሚባል ሞተር ይሠራሉ። ይህ ሞተር «መቶ እርምጃ ሂድ» ሲባል፣ መቶ እርምጃ እንደ ሄደ አምኖ ይቀጥላል፤ በመካከል ስቲከሩ ይዞት አንድ እርምጃ ቢስት አያውቀውም። ሰርቮ የሚባለው ግን የደረሰበትን እየለካ ራሱን ያርማል፤ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። በአንድ ሜትር ጽሑፍ ላይ ልዩነቱ ላይታይ ይችላል፤ በአምስት ሜትር ላይ ግን ይገለጣል። ስቲከሩን የሚስቡት ሮለሮችም ይታዩ። የታችኛው ሻካራ ብረት፣ የላይኛው ተጫኝ ጎማ ነው፤ ጎማዎቹ እኩል ካልተጫኑ ስቲከሩ እየተንሸራተተ በሰያፍ ይሄዳል።

የምላጩ ጉልበት የሚለካው በግራም ነው። ለተራ ስቲከር 100 ግራም ገደማ ይበቃል። እንደ ሮላንድ ጂ.ኤስ. 24 ያለችው እስከ 350 ግራም ትጫናለች፤ የመኪና መብራት ሲያርፍበት የሚያበራውን ስቲከርና ሌላም ወፍራም ነገር የሚያዘወትር ቤት ግን ከዚህም ከፍ ያለ ጉልበት ሊፈልግ ይችላል። ዳሩ ግን ጉልበት ብቻውን መልካም ቁርጥ አያመጣም። ምላጩ ስቲከሩን ቆርጦ ከሥሩ ያለውን ወረቀት ሊምር ይገባዋል። ለተራው ባለ 45 ዲግሪ ምላጭ፣ ለወፍራሙ ባለ 60 ዲግሪ ይስማማል።

ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን በመኪናይቱ መግለጫ ወረቀት ላይ አይገኝም። መኪናይቱ ከውጭ አገር የመጣች ናትና ፊደላችንን አስባ የተሠራች አይደለችም። የ«መ»ን ሁለት ዐይኖች፣ የ«ቤ»ን የእግር ቀለበት፣ የ«ቋ»ን ቅጥያ ተመልከቱ። ፊደሉ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲሆን ቀለበቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። የምላጩ ጫፍ ደግሞ ከሚዞርበት መካከል 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ የቀረ ነው፤ ጋሪ ፈረሱን እንደሚከተል እርሱም ከኋላ እየተጎተተ ይዞራል። ይህ ልክ በመኪናይቱ ላይ በትክክል ካልተሞላ ማዕዘኑ ይዶለዱማል፤ ቀለበቱም ሳይገጥም ይቀራል። ያን ጊዜ ትርፉ ሲለቀም ቀለበቱ አብሮ ይነሣል፤ «ምግብ ቤት» ተብሎ የታዘዘውም «ምግብ በት» ሆኖ ይወጣል።

ፊደላችን ከመኪና ጋር ሲገናኝ መቸገሩ አዲስ ነገር አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በሠሩ ጊዜ፣ ፊደሉ ብዙ፣ ቁልፉ ጥቂት ስለ ሆነ ቅጥያውን ለብቻ እየመቱ ከፊደሉ ጋር ማገጣጠም ግድ ሆነ። ዛሬ የፊደሉ ብዛት አያስቸግርም፤ ዩኒኮድ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዐት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ፊደላችንን ተቀብሎታል። የሚያስቸግረው የቅጥያው ቅጥነት ነው። ስለዚህ ንድፍ ሠሪው ለትንሽ ጽሑፍ ወፈር ያለ የፊደል ዐይነት ይምረጥ፤ ወደ መኪናይቱ ከመላኩም በፊት ፊደሉን ወደ መስመር ቅርጽ ይለውጥ፤ የተደራረቡትንም ቅርጾች አንድ ያድርግ። አለዚያ ምላጩ በፊደሉ ሆድ ውስጥ ጭምር ያልፋል።

አንዳንዶቹ መኪናዎች የማንበቢያ ዐይን አላቸው። በሌላ ማተሚያ በቀለም የታተመውን ስቲከር ማዕዘን ላይ ያለውን ምልክት እያዩ በሥዕሉ ዙሪያ ይቆርጣሉ። የምርት መለያና ልዩ ልዩ ሥዕል ለሚሠራ ቤት ይህ ዐይን የሥራ በር ይከፍታል፤ ጽሑፍ ብቻ ለሚቆርጥ ግን ዋጋ ከመጨመር በቀር አይጠቅምም።

ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የራሱን ስቲከርና የራሱን ንድፍ ይዞ ይሂድ። አንደኛ፣ «ቤት»፣ «ጤና»፣ «ቋንቋ» የሚሉትን ቃላት በሁለት ሳንቲ ሜትር ቁመት ያስቆርጥና ትርፉን ራሱ ይልቀም። ሁለተኛ፣ አምስት ሜትር የሚረዝም አራት ማዕዘን ያስቆርጥ፤ መስመሩ ከተነሣበት ነጥብ ላይ ተመልሶ ካልገጠመ መኪናይቱ ስታለች። ሦስተኛ፣ ወረቀቱን ገልብጦ ይይ፤ ምላጩ ወረቀቱን በስቶት ከሆነ ልኩ ይስተካከል። በሻጩ ንድፍ ብቻ የታየች መኪና ገና አልታየችም።

ምላጩ፣ የምላጩ መያዣ፣ ከምላጩ ሥር የሚነጠፈው ቀጭን ላስቲክ አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛልን? የሚጠግናትስ አለን? እነዚህ ከሌሉ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል። መብራት በሥራ መካከል ሲጠፋ የተጀመረው ስቲከር ይበላሻልና ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ አብሮ ይገዛ፤ ፕሎተር ብዙ ኃይል ስለማትጠቀም ትንሹ ይበቃታል፤ ኮምፒዩተሩም አብሮ ይታሰብ።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የብዙ መንገዶችን ገጽ ሲለውጥ ታፔላውም አብሮ ተለውጧል። ሥራ አለ፤ ሥራውን የሚወስደው ግን በሰዓቱ የሚያደርስና ፊደሉን የማያጎድል ነው። መኪናይቱ ታዛ ትቆርጣለች እንጂ፣ በ«ለ»ና በ«ጠ» መካከል ምን ያህል ክፍተት እንደሚያምር አታውቅም። ይህን የሚያውቁት በብሩሽ ሲጽፉ የኖሩት ባለሙያዎች ናቸው። አዲስ መኪና የሚገዛ ቤት ከእነርሱ አንዱን በንድፍ ጠረጴዛው አጠገብ ቢያስቀምጥ፣ ለሽማግሌው እንጀራ፣ ለወጣቱ ትምህርት፣ ለደንበኛውም ደስ ብሎት የሚያነበው ታፔላ ይሆናል።