የቦይሲ ባስኮች ቤተ ክርስቲያን

በአሜሪካ፣ በአይዳሆ ዋና ከተማ በቦይሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ለባስክ ስደተኞች አንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተመረቀ፤ «የመልካሙ እረኛ» ተባለ። አገልጋዩ አባ ቤርናርዶ አሬጊ ግን ከባስክ አገር የመጡት ቀደም ብለው በ1911 ነበር።

ስሙን የሰማ ሁሉ «ባስኮች እኮ ከጥንትም እረኞች ናቸው» ይላል። አስጎብኚ ነኝ ባዮች ሳይቀሩ ይህንን ሲደጋግሙ እሰማለሁ፤ ዝም ብዬም ማለፍ አልችልም። ወደ ቦይሲ የመጡት አብዛኞቹ የቢዝካያ ሰዎች ናቸው። ቢዝካያ በስፔን ባስክ አገር ያለች የባሕር ዳርቻ ናት፤ ልጆቿ ከዓሣ አጥማጅና ከትንንሽ ገበሬ ቤት የወጡ ነበሩ። ሺህና ከዚያ በላይ በግ ይዞ ውሻን ብቻ አስከትሎ በረሃ መክረምን የተማሩት አይዳሆ ነው። ሥራውን የያዙትም እንግሊዝኛ ስለማይጠይቅና ሌላው ሰው ብቸኝነቱን ስለሸሸው ነው። ደመወዙን በገንዘብ ፈንታ በበግ እየተቀበለ የራሱን መንጋ ያቋቋመም አለ። እረኝነት የስደት እንጀራቸው ነበር፤ «የዘር ልማዳቸው ነው» ማለት የከፈሉትን ዋጋ መካድ ነው።

ይህን ያልተረዳ ቤተ ክርስቲያኑንም አይረዳም። በበጋ ምእመኑ ተራራ ላይ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ወደ ከተማ ወርዶ የአገሩ ሰዎች በከፈቱት ፔንሲዮን ያርፋል። ወራት ሙሉ ሰው ያላነጋገረ ወጣት ያን ጊዜ የሚሻው ንስሐውን በአፍ መፍቻው የሚሰማለት ካህን ነው። ባስክኛ ደግሞ ከስፓኒሽም ሆነ ከሌላ ከሚታወቅ ቋንቋ አይዛመድም፤ በምልክት ደግሞ ንስሐ አይገባም።

የባስኮች ቁምስናነቱ ብዙ አልዘለቀም። የ1924ቱ የስደተኞች ሕግ ከስፔን በዓመት የሚገባውን ሰው ወደ 131 አወረደው፤ ለየሕዝቡ የተለየ ቁምስና መስጠትም ስደተኛውን ከአገሬው ያርቃል የሚል አስተሳሰብ በርትቶ ነበር። ማኅበረሰቡ ግን አልተበተነም፤ እሱ ራሱ ባስክ የነበረውን የቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላን በዓል ቦይሲ ዛሬም በየዓመቱ በጁላይ መጨረሻ ታከብራለች።

ጎብኚ ሁሉ ግሮቭ ጎዳና ወዳለው የባስክ ሰፈር ይጎርፋል፤ በልቶ፣ ጭፈራ አይቶ ይመለሳል። ደግ ነው፤ ግን ጥቂት መንገድ ተራምዶ ቤተ ክርስቲያኑ እስከነበረበት እስከ አምስተኛውና አይዳሆ ጎዳናዎች መገናኛ ድረስ አለመሄድ ስንፍና ነው። ያን ሰፈር ያቆሙት ሰዎች ልባቸውን የሚያሳርፉት እዚያ ነበር።