ባለቤት ያለው፣ በር የሌለው ደን

በስቶክሆልም ዙሪያ ያለው ደን ሁሉ ባለቤት አለው። አንዱ የከተማው አስተዳደር፣ አንዱ የመንግሥት፣ አንዱ የቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ከአያት ቅድመ አያቱ የወረሰው ገበሬ ንብረት ነው። ይሁንና በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በምድር ባቡር ከተማው ዳር የደረሰ ሰው፣ ቲኬት ሳይቆርጥ፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ እስኪመሽ ድረስ በዚያ ደን ውስጥ ይዘዋወራል። የሚመልሰው ዘበኛ የለም። ባለቤቱም መንገድ ላይ ቢያገኘው «ሄይ» ብሎት ያልፋል። ይህን ያስቻለው ስዊድኖች «አለማንስሬተን» የሚሉት ሥርዓት ነው፤ የሁሉም ሰው መብት ማለት ነው።

ስዊድን የገባ ሐበሻ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚያሳልፈው በወረቀት ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ይጠብቃል፤ ፐርሶን ኑመር የሚሉትን የግል ቁጥር ይጠብቃል፤ ከዚያም ስቶክሆልም ውስጥ ቤት ለመከራየት ዓመታት የሚፈጅ ወረፋ ይይዛል። ደኑ ግን ቁጥር አይጠይቅም። ዜጋ ይሁን ቱሪስት፣ አርባ ዓመት የኖረ ይሁን ትናንት ያረፈ፣ መብቱ እኩል ነው። በምትኩ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ጠባይ ነው።

መብቱ የቆመበት መሠረት ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. በ1994 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ሰፍሯል፤ የሰፈረው ግን ሁሉም ሰው በዚሁ መብት መሠረት ወደ ተፈጥሮ የመድረስ ዕድል እንዳለው በሚገልጽ አጭር ድንጋጌ ነው። ዝርዝሩን አንድ በአንድ የሚተነትን ራሱን የቻለ አዋጅ የለም። ወሰኑ የሚታወቀው ሌሎች ሕጎች ከሚከለክሉት ነገር ነው። ለምሳሌ የወንጀል ሕጉ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከቆመ ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ቅርፊት ወይም ቅጠል መውሰድን ይከለክላል። የዱር እንጆሪንና እንጉዳይን ግን በክልከላው ውስጥ አላስገባም፤ ስለዚህ ለቃሚው ነፃ ናቸው። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ሥርዓቱን ለሕፃናት ሳይቀር የሚያስተምረው በሁለት ቃላት ነው፦ አታውክ፣ አታጥፋ።

ልማዱ ጥንታዊ ነው። መንገደኛ ሰፊና ሰው አልባ በሆነ ደን ውስጥ እያቋረጠ በሚጓዝበት አገር ማለፍን መከልከል አይታሰብም ነበር። ዛሬ ባለው መልኩ የጎለመሰው ግን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በ1938 የወጣ ሕግ ለሠራተኛው ሁሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የሁለት ሳምንት ዕረፍት ሰጠ። የፋብሪካ ሠራተኛው ጊዜ አገኘ፤ ርስት ግን አልነበረውም። ዕረፍቱን የሚያሳልፍበት ቦታ የሌሎች ሰዎች ደንና ባሕር ዳርቻ ስለነበረ፣ የቆየው የመንገደኛ ልማድ የከተሜው መብት ሆኖ ተጠናከረ።

ይህን መብት በእግር እየሄዱ ለማየት ከማዕከላዊ ስቶክሆልም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአረንጓዴው የምድር ባቡር መስመር ብዮርክሃገን ከሚባለው ጣቢያ ሲወርዱ፣ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ሶርምላንድስሌደን የተባለው የእግር መንገድ ይጀምራል። ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ብርቱካናማ ቀለም የተቀቡትን ዛፎችና ምሰሶዎች የተከተለ አይጠፋም። የመጀመሪያው ክፍል በናካ የተፈጥሮ ክልል በኩል አልፎ ሸልቶርፕ ሐይቅ ዳር ወዳለው ሄላስጎርደን ያደርሳል። መሬቱ ወጣ ገባ ነው። ከ10 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ የቀለጠው ግግር በረዶ ያለሰለሰው አለት በየቦታው ብቅ ይላል፤ አናቱ ላይ ጥድ በቅሏል፤ እርጥበት ባለው ቆላማ ቦታ ደግሞ ጨለምለም ያለው ዝግባ መሰል ዛፍ ይበዛል።

ይህ ደን በጸደይ ይለወጣል። የስዊድን የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት «ጸደይ ገባ» የሚለው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በቴርሞሜትር ነው። የዕለቱ አማካይ ሙቀት ለሰባት ተከታታይ ቀናት ከዜሮ በላይና ከ10 ዲግሪ በታች መሆን አለበት። ትልቁ ለውጥ ግን የብርሃኑ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስቶክሆልም በታኅሣሥ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ብርሃን ታገኛለች፤ በሰኔ ከ18 ሰዓት በላይ። አገር ቤት አደይን የሚያወጣት የክረምቱ ዝናብ ነው፤ እዚህ አበባን የሚቀሰቅሰው ብርሃንና የሙቀት መመለስ ነው።

የደኑ ወለል አበቦች ይህን ብርሃን የሚሻሙበት ዘዴ አላቸው። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ብሎሲፓ የተባለችው ሰማያዊ አበባ በደረቀው ያምና ቅጠል መካከል ብቅ ትላለች። ተከትላት ነጯ ቪትሲፓ ትመጣና መሬቱን በሰፊው ታለብሰዋለች። ሁለቱም የሚቸኩሉት ከላይ ያሉት ዛፎች ቅጠል ከማውጣታቸው በፊት ነው። ግንቦት ገብቶ ዛፎቹ ሲለመልሙ ወለሉ ጥላ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አበቦቹ ሥራቸውን ጨርሰዋል። የብሎሲፓን ዘር የሚበትኑት ጉንዳኖች ናቸው፤ ዘሩ ላይ ላለችው ቅባት ያላት ምግብ ሲሉ ተሸክመው ይወስዱታል። ስለዚህ አበባዋ በዝግታ ነው የምትስፋፋው። ከሥሯ መንቀልና ለሽያጭ መልቀም በመላ አገሪቱ ክልክል ነው፤ በአንዳንድ ክፍላተ ሀገር አንዲት አበባ መቅጠፍም አይቻልም። ቪትሲፓን ግን ልጆች ቀጥፈው ለእናታቸው ቢወስዱ የሚናገራቸው የለም።

የጸደይ ደን ለማዕድ የሚሆንም አያጣም። በአሮጌ የእርሻ ቤቶች ዙሪያና በመንገድ ዳር ሳማ ይበቅላል። ስዊድኖች ለጋውን በጓንት ለቅመው ቀቅለው ሾርባ ይሠሩታል፤ ደጋ አገር ያደገ ሐበሻም ሳማ እንደሚበላ ያውቃል። ከበርች ዛፍ የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ፈሳሽ ለመቅዳት ግንዱን መብሳት ግን የባለቤቱን ፈቃድ ይሻል። ስዊድኖች ለፋሲካ በቀለም ላባ የሚያስጌጡት የበርች ጭራሮም እንደዚሁ ነው፤ ከሰው ደን ቆርጦ መውሰድ አይፈቀድም።

ከሁሉ የሚከብደው ወሰን በሜትር አይለካም። በመኖሪያ ቤት ዙሪያ «የቤት ሰላም» የሚሉት ቀጣና አለ፤ እዚያ ውስጥ መግባት አይቻልም። ስፋቱ እንደ መሬቱ አቀማመጥ ይለያያል፤ በቤቱና በመንገደኛው መካከል ኮረብታ ካለ ይጠባል፤ ሜዳ ከሆነ ይሰፋል። መለኪያው ሰዎቹ በቤታቸው ሳይታወኩ መኖር መቻላቸው ነው። በጸደይ አዲስ የተዘራ ማሳ አይረገጥም። ከብት ያለበት አጥር በር የከፈተ መልሶ ይዘጋዋል። ውሻ ያለው ከመጋቢት 1 እስከ ነሐሴ 20 ድረስ በቅርብ ይቆጣጠረዋል፤ ጊዜው የዱር እንስሳት የሚወልዱበትና የሚያሳድጉበት ነውና። መብቱ ለእግረኛ፣ ለብስክሌተኛና ለበረዶ ሸርታቴ እንጂ ለመኪና አይደለም። ድንኳን ተክሎ አንድ ሌሊት ማደር በአብዛኛው ይፈቀዳል።

እሳት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደን ውስጥ ቡና አፍልቶ መጠጣት ለሐበሻ ደስ ያሰኛል፤ ስዊድኖችም ፊካ የሚሉትን ቡናና ጣፋጭ ይዘው ይወጣሉ። ነገር ግን በሚያዝያና በግንቦት ያምናው ሣር ደርቆ ስለሚቆይ በቀላሉ ይያያዛል፤ የእሳት ክልከላም ብዙ ጊዜ ይታወጃል። ባዶ አለት ላይ ማንደድም አይገባም፤ ድንጋዩ ይሰነጠቃል፤ ጠባሳውም አይሽርም። ስለዚህ በተፈጥሮ ክልሎች ውስጥ የተዘጋጁትን የእሳት ቦታዎች መጠቀም ይሻላል።

ከስቶክሆልም በደቡብ ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ቲሬስታ ብሔራዊ ፓርክ እሳት የሚያደርሰውን በዓይን ያሳያል። በ1993 የተቋቋመው ይህ ፓርክ ዕድሜያቸው 400 ዓመት የሚደርስ ጥዶች ያሉበት ጥንታዊ ደን ነው። በነሐሴ 1999 የተነሣ ቃጠሎ 450 ሄክታር ገደማ በላ። ዛሬ በዚያ ሥፍራ በወደቁና በቆሙ ግንዶች መካከል ወጣት ዛፎች አድገዋል። ብሔራዊ ፓርኮች ከአጠቃላዩ መብት የጠበቀ የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ከመግባት በፊት ሰሌዳውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ጸደይ አደጋም አለው፤ አብዛኛው ግን ትንሽ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው መዥገር ነው። በስቶክሆልም አካባቢና በደሴቶቹ ላይ ሁለት በሽታዎችን ያስተላልፋል። ቦሬሊያ በአንቲባዮቲክ ይታከማል፤ አንጎልን የሚያጠቃው ቲ.ቤ.ኤ. ግን ፈውስ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት አለው። ከደን የተመለሰ ሰው የራሱንና የልጆቹን ብብት፣ ጉልበት ጀርባና ፀጉር ሥር ማየት አለበት። በአገሪቱ ያለው መርዘኛ እባብ እፉኝት ብቻ ነው፤ በጸደይ ፀሐይ ለመሞቅ አለት ላይ ይተኛል፤ በሕግ ስለተጠበቀ አይገደልም፤ መንገድ ቢሰጡት ይሄዳል። ስዊድኖች «ኤልይ» ከሚሉት ግዙፍ አጋዘን፣ በተለይ ጥጃ ከያዘች እናት፣ መራቅ ያስፈልጋል። ሣር ውስጥ ብቻዋን የተኛች የሚዳቋ ግልገል ያየም አይንካት፤ አልተጣለችም፤ እናቷ በቅርብ አለች።

ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ባሉባቸው የስቶክሆልም ሰፈሮች፣ በሪንከቢ፣ በቴንስታ፣ በሁስቢ ወይም በአካላ ለሚኖሩ፣ ደኑና መስኩ ከደጃቸው ነው። እነዚህ ሰፈሮች ያሉበት የያርቫ ሜዳ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጦር ሠራዊት ማሠልጠኛ ሆነ፤ በዚህ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ቤት ሳይሠራበት ቆየ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ሰፈሮቹ ሲገነቡ በመካከላቸው ሰፊ አረንጓዴ ቦታ ተረፈ። በ2006 የኢግልቤከን ወንዝ ዙሪያ በባህል ክልልነት ተጠበቀ፤ ከሁስቢና ከአካላ በስተሰሜን ደግሞ ሃንስታ የተባለው የተፈጥሮ ክልል አለ። ከቤት ወጥቶ ወፍ እየሰሙ ለመሄድ ባቡር እንኳ አያስፈልግም።

የጋራ መሬትን በሥርዓት መጠበቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። መንዝ ውስጥ ያለው የጓሳ አምባ ለዘመናት ቄሮ በሚባለው የማኅበረሰቡ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ጣራ የሚከደንበትና ገመድ የሚፈተልበት የጓሳ ሣር ለዓመታት ይዘጋል፤ የሚከፈተው ሽማግሌዎች ሲወስኑ ነው፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ መኖራቸው ከዚህ ጥበቃ ጋር የተያያዘ ነው። በ1975 የወጣው የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ማኅበረሰቡ በኋላ በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። ጓሳ የሚጠበቀው እርስ በርስ በሚተዋወቅ ሕዝብ ነው፤ መብቱም የባለ ርስቱ ማኅበረሰብ ነው። የስዊድኑ ሥርዓት መብቱን የሰጠው ለማይታወቅ እንግዳ ነው፤ የሚመለከተው ሽማግሌም ሆነ የሚቀጣው ዳኛ አጠገቡ የለም።

ስለዚህ የስዊድን ደን ለመጤው ከሚሰጠው አየርና አበባ በላይ የሚሰጠው እምነት ነው። ባለ መሬቱ የመንገደኛውን ስም ሳያውቅ አምኖ አሳልፎታል። የበሉበትን ጠርገው፣ እሳቱን አጥፍተው፣ በሩን ዘግተው ሲሄዱ ይህ እምነት ለሚቀጥለው መንገደኛ ይተርፋል፤ ያ መንገደኛ ደግሞ ምናልባት ገና ፐርሶን ኑመሩን የሚጠብቅ የአገር ልጅ ሊሆን ይችላል።