የክፍላችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ነገ ቢዘጋ ምን ይተርፋችኋል?

ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሃንድአውት የሚታደለው በቴሌግራም ነው። የፈተና ቀን መለወጡ የሚነገረው፣ "ነገ ክላስ የለም" የሚባለውም እዚያው ነው። ግሩፑ ውስጥ የሌለ ተማሪ ክፍል ውስጥም እንደሌለ ይቆጠራል።

ቴሌግራም የተመረጠው ያለምክንያት አይደለም። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል በነጻ ይልካል፤ ፋይሉን ከስልካችሁ ብታጠፉት እንኳ ግሩፑ ላይ ይቆያል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲመለሱ ብዙ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር የተገናኙት በእሱ ነበር።

ችግሩ፣ ቤቱ የኪራይ ቤት ነው። የካቲት 2015 ዓ.ም. ላይ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ በአገራችን ሲገደቡ ገደቡ አምስት ወር ገደማ ቆየ። ወሩን ልብ በሉ፦ በበርካታ የትምህርት ዘርፎች ለመጀመሪያ ጊዜ የመውጫ ፈተና የተሰጠው ሐምሌ 2015 ነው። ማለትም ተመራቂው አጥብቆ በሚያነብባቸው ወራት የማስታወሻው መጋዘን ተቆልፎ ነበር። ቪፒኤን ያለው ገባ፤ የሌለው ከጓደኛው ለመነ።

መዘጋት ብቻም አይደለም። ግሩፑን የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ የክፍል ተጠሪው ነው። እሱ የቴሌግራም አካውንቱን ቢተወው ወይም ተመርቆ ቢሄድ ግሩፑ ባለቤት አልባ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1. አድሚን አንድ ሰው ብቻ አይሁን። ተጠሪው ሲለቅ ባለቤትነቱን ለሌላ ያስተላልፍ፤ ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል። ለዚህ ግን አካውንቱ ላይ ቀድሞ ሁለተኛ የይለፍ ቃል መግባት አለበት።

2. የቆዩ መልእክቶች ለአዲስ አባላት እንዲታዩ ሴቲንጉን ክፈቱ። ካልተከፈተ፣ ዘግይቶ የገባ ተማሪ ቀደም ብሎ የተላከውን ሃንድአውት ላያየው ይችላል።

3. ማስታወቂያና ፋይል በቻናል፣ ወሬና ጥያቄ በግሩፕ ይሁን። አለበለዚያ የፈተናው ቀን በሦስት መቶ "እሺ" እና ስቲከር ስር ይቀበራል።

4. አውቶማቲክ ዳውንሎድን አጥፉ። ፓኬጃችሁን ሳታውቁት የሚጨርሰው እሱ ነው።

5. ውጤት ከነስምና መታወቂያ ቁጥር ግሩፕ ላይ አይለጠፍ። አንዴ የተላለፈ ፎቶ አይመለስም።

6. ከሁሉም በላይ፣ ቅጂ ይኑራችሁ። ዩኒቨርሲቲያችሁ የራሱ የኢለርኒንግ ገጽ ካለው መምህሩ እዚያም እንዲጭነው ጠይቁ። ከሌለው፣ በየሳምንቱ ፋይሎቹን ፍላሽ ላይ የሚገለብጥ አንድ ሰው መድቡ። ስማርት ስልክ የሌለው የክፍል ጓደኛችሁም የሚያነበው ያኔ ነው።

ቴሌግራም ጥሩ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛን ግን የንብረት ክፍል ኃላፊ አያደርጉትም።

ይህን ለክፍላችሁ ተጠሪ ላኩለት። አዎ፣ በቴሌግራም!