በአንድ ፕሪንተር የሚሠሩ ኮምፒዩተሮችና የሕትመት መቋረጥ

አስመጪም ሆነ ላኪ ወይም ባለሱቅ ሥራውን በኮምፒዩተር ከያዘ ወዲህ ኢንቮይሱም፣ የጭነት ዝርዝሩም፣ ለባንክ የሚቀርበውም ደብዳቤ ከፕሪንተር የሚወጣ ሆኗል። ብዙ ነጋዴዎች ወጪ ለመቆጠብ ሲሉ አንዱን ፕሪንተር ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር በገመድ ያያይዙና የቀሩት ኮምፒዩተሮች በቤቱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ አማካይነት እንዲጠቀሙበት ያደርጋሉ። አሠራሩ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን አንድ ቀን ሕትመቱ ሳይታሰብ ይቋረጥና ዕቃ አስተላላፊው ወረቀት ሲጠብቅ ጸሐፊው ግራ ይጋባል። በዚህን ጊዜ ደኅናውን ፕሪንተር ተበላሽቷል ብሎ ወደ ጠጋኝ መላክ ወይም አዲስ መግዛት ገንዘብን በከንቱ ማባከን ነው።

ችግሩን ለማወቅ የትእዛዙን ጉዞ መረዳት ያስፈልጋል። ከሁለተኛው ኮምፒዩተር የተላከ ጽሑፍ በቀጥታ ወደ ፕሪንተሩ አይደርስም። በመጀመሪያ በራውተሩ በኩል አልፎ ፕሪንተሩ ወደ ተያያዘበት ኮምፒዩተር ይገባል፤ እዚያም ተራውን ጠብቆ ይታተማል። እንግዲህ ይህ ኮምፒዩተር እንደ በረኛ ነው፤ እርሱ ከተኛ መልእክቱ ሁሉ ከደጅ ይቀራል። ስለዚህ ምርመራው ከፕሪንተሩ ጀምሮ ወደ ውጭ፣ አንድ በአንድ መካሄድ ይገባዋል።

አንደኛ፣ ፕሪንተሩ ከተያያዘበት ኮምፒዩተር ላይ አንድ ገጽ ማሳተም ነው። ይህ እንቢ ካለ ጥፋቱ በፕሪንተሩ፣ በገመዱ፣ በወረቀቱ ወይም በቀለሙ ነው፤ ኔትወርኩ አይከሰስም። እንዲሁም በተራ ከሚጠባበቁት ጽሑፎች አንዱ ተበላሽቶ የኋላዎቹን አግዶ እንደ ሆነ ያንን መሰረዝ፣ አልሰረዝ ካለም ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ነው።

ሁለተኛ፣ ይኸው ኮምፒዩተር በሥራ ሰዓት እንዳይተኛ ማዘዝ ያስፈልጋል። መስተዋቱ ቢጨልም ግድ የለም፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ግን ነቅቶ መቆየት አለበት።

ሦስተኛ፣ ሁለቱም ኮምፒዩተሮች በአንድ ኔትወርክ ላይ መሆናቸውን ማረጋገጥ ነው። አንዱ በራውተሩ፣ ሌላው በሞባይል ስልክ ኢንተርኔት ቢሠራ ሁለቱም ኢንተርኔት እያገኙ እርስ በርሳቸው አይተያዩም። ለእንግዶች በተለየ ዋይፋይ የገባ ኮምፒዩተርም አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎቹ የተከለለ ነው። የአድራሻ ቁጥሩ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒዩተሩ ከራውተሩ ቁጥር አላገኘም ማለት ነው። ከዚህም በላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ለኮምፒዩተሮቹ አዲስ ቁጥር ሊያድል ይችላል፤ በቀድሞው ቁጥር የተመዘገበ ፕሪንተርም ያን ጊዜ ይጠፋል። መድኃኒቱ በራውተሩ ላይ ለባለ ፕሪንተሩ ኮምፒዩተር ቋሚ ቁጥር ማስያዝ ነው።

አራተኛው የፈቃድ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ ኔትወርኩን የሕዝብ ብሎ ከመዘገበው ፕሪንተር ማጋራትን ይከለክላል፤ ስለዚህ የራስ የሆነውን ኔትወርክ የግል ብሎ ማስመዝገብና ማጋራቱን መፍቀድ ይገባል። ፋየርዎል የሚባለውን ጥበቃ ፈጽሞ ማጥፋት ግን የሱቅን በር ከፍቶ እንደ ማደር ነው። የባለ ፕሪንተሩ ኮምፒዩተር የይለፍ ቃል ተለውጦ እንደ ሆነም አዲሱን በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ማስገባት ያሻል።

አምስተኛ፣ ትናንት ሲሠራ የነበረው ከማሻሻያ በኋላ ቢቆም አያስገርምም። እ.ኤ.አ. በ2021 በዊንዶውስ የሕትመት አገልግሎት ላይ ከባድ የደኅንነት ጉድለት ስለ ተገኘ ማይክሮሶፍት ደንቡን አጥብቋል፤ ከዚያ ወዲህ የተጋራ ፕሪንተር ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም ለመጫን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠየቃል። መፍትሔው ጥበቃውን ማንሣት ሳይሆን ሁለቱንም ኮምፒዩተሮች እኩል ማሻሻልና ፕሮግራሙን በአስተዳዳሪ ስም መጫን ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን በረኛውን ከመካከል ማስወጣት ነው። ፕሪንተሩ ዋይፋይ ወይም የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ካለው በቀጥታ ከራውተሩ ጋር ተያይዞ ቋሚ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያን ጊዜ አንዱ ኮምፒዩተር ቢዘጋም የሌሎቹ ሥራ አይቆምም። የፕሪንተሩ ስምና ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ከአጠገቡ ቢለጠፍ ደግሞ ጸሐፊው ቢለወጥ እንኳ ተተኪው ነገሩን እንደ አዲስ ከመፈለግ ይድናል፤ ደንበኛውም ወረቀቱን በሰዓቱ ይቀበላል።