ሐኪሙ ዝም ያለበት ሕክምና፦ ሳይኮአናሊስስ እና መነሻው

ሳይኮአናሊስስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና የተወለደ፣ የአእምሮን ጭንቀትና በአካል ላይ መነሻ የማይገኝላቸውን ሕመሞች በንግግር ለማከም የሚጥር ዘዴ፣ በዚሁም ዘዴ ላይ የተገነባ ስለ ሰው ልጅ አእምሮ የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ ነው። መሥራቹ የነርቭ ሐኪሙ ሲግመንድ ፍሮይድ (እ.ኤ.አ. 1856–1939፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መሆኑ፣ ሕፃናት ለወላጆቻቸው ስላላቸው የፍቅርና የቅናት ስሜት ማስተማሩ፣ በ1923 ባሳተመው መጽሐፍም አእምሮን ኢድ፣ ኢጎና ሱፐርኢጎ ብሎ፣ ማለትም በደመ ነፍሳዊ ፍላጎት፣ ከውጭው ዓለም ጋር በሚደራደረው እኔነትና በውስጥ ተቆጪነት መክፈሉ በየሥነ ልቦና መማሪያው የሚገኝ ስለሆነ ብዙ ሐተታ አያሻውም። ይልቁንም ተገቢው ቦታ ያልተሰጠው ሥርዓቱ ነው፤ ይኸውም ሕመምተኛው ሳይመርጥና ሳያፍር የመጣለትን ሁሉ የሚናገርበት፣ ሐኪሙም ምክርና ትእዛዝ ከመስጠት ተቆጥቦ የሚያዳምጥበት አሠራር ሲሆን፣ ይህን አሠራር በአብዛኛው ቀድመው የፈለጉትና ሐኪሞቻቸውን እየገፉ ያመጡት ሕመምተኞቹ ራሳቸው ናቸው።

በዘመኑ ሂስቴሪያ የሚባለው ሕመም የአውሮፓን ሐኪሞች ያስቸግር ነበር። ስያሜው በነርቭም ሆነ በጡንቻ ላይ ጉዳት ሳይገኝ እጅ ሽባ ለሚሆንበት፣ ድምፅ ለሚዘጋበት ወይም ዐይን ለሚጋረድበት ሁኔታ የሚሰጥ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈውም በሴቶች ላይ ነበር። ፍሮይድ ከ1885 መገባደጃ እስከ 1886 መጀመሪያ በፓሪሱ ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል በቆየባቸው ወራት፣ ታላቁ የነርቭ ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ ሂፕኖሲስን፣ ማለትም ሰውን በንግግር ኃይል ወደ እንቅልፍ መሰል ሁኔታ የማስገባት ዘዴን ተጠቅሞ፣ እንዲህ ያሉትን ምልክቶች በቃል ብቻ ሲያመጣቸውና ሲያጠፋቸው ተመለከተ። ሐሳብ አካልን ማሰር ከቻለ ሐሳብ ይፈታው ይሆናል የሚለው ግምት የተጠናከረለት ከዚህ ቆይታ በኋላ ቢሆንም፣ ለግምቱ መነሻ የሆነውን ታሪክ ግን ፓሪስ ከመሄዱ በፊት በቪየና ሰምቶት ነበር።

ስለ ሳይኮአናሊስስ አጀማመር በሚጻፉ አጫጭር መግቢያዎች ውስጥ ደጋግሞ የሚታየው ስሕተትም በዚሁ ታሪክ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። በሐኪሞቹ መጽሐፍ «አና ኦ.» ተብላ የተጠራችው ሴት የፍሮይድ የመጀመሪያ ታካሚ እንደነበረችና በንግግር ብቻ ፈጽማ እንደዳነች ይጻፋል፤ ሁለቱም እውነት አይደሉም። ሴቲቱ በ1859 በቪየና ከባለጸጋ የአይሁድ ቤተሰብ የተወለደችው ቤርታ ፓፔንሃይም ስትሆን፣ ከ1880 ማብቂያ እስከ ጁን 1882 ያከማት ፍሮይድን በ14 ዓመት የሚበልጠው ሐኪም ዮሴፍ ብሮየር ነው። ፍሮይድ ጉዳዩን ከብሮየር አፍ የሰማው ሕክምናው ካበቃ ከወራት በኋላ፣ በኖቬምበር 1882 ሲሆን፣ ቤርታን በሐኪምነት አንድም ቀን አላያትም።

የቤርታ ሕመም የጀመረው በ1880 አባቷ በጠና ታምመው፣ ሌሊት ሌሊት እየነቃች ስታስታምማቸው በነበረበት ጊዜ ነው። ቀኝ እጇ ሽባ ሆነ፤ ሳል ያዛት፤ ዕይታዋ ታወከ፤ አፏን የፈታችበትን ጀርመንኛ መናገር አቅቷት ለብዙ ጊዜ የምትናገረው በእንግሊዝኛ ብቻ ሆነ። ቀን ቀን በሐሳብ ጭልጥ ብላ በምትሄድባቸው ሰዓታት አንዳንድ ቃላትን ታጉተመትም ስለነበር፣ በዙሪያዋ ያሉት ሰዎች ቃላቱን እየያዙ ለብሮየር ይነግሩታል፤ እርሱም ማታ ሲመጣ ቃሉን መልሶ ይነግራታል፤ እርሷም ያንን ቃል ይዛ ረጅም ተረት መሰል ታሪክ ትተርካለች፤ ትረካው ሲያልቅም ትረጋጋለች። ብሮየር በዚህ ደረጃ ያደረገው ነገር ቢኖር መምጣትና መስማት ነበር፤ ይህ ግን ለዘመኑ ሐኪም ቀላል ነገር አልነበረም፤ የተከበረና ሥራ የሚበዛበት ሐኪም የአንዲት የ21 ዓመት ወጣት ተረት ለመስማት ከዓመት በላይ መመላለሱ እስከ ዛሬም የሚያስደንቅ ነው።

በ1881 በጋ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሙቀቱ ሲበረታ ቤርታ ውኃ መጠጣት አቃታት፤ ብርጭቆውን ወደ ከንፈሯ ካስጠጋች በኋላ ትገፋዋለች፤ ለስድስት ሳምንት ያህልም ጥሟን የምትቆርጠው በሐብሐብና በመሳሰሉት ፍራፍሬዎች ነበር። አንድ ቀን በሂፕኖሲስ ውስጥ ሳለች፣ እምብዛም የማትወዳት እንግሊዛዊት አጫዋቿ ክፍል ገብታ የሴትዮዋ ትንሽ ውሻ ከብርጭቆ ውኃ ሲልስ ማየቷን፣ ለጨዋነት ስትልም ምንም ሳትናገር ዝም ማለቷን ተናገረች። ያን ጊዜ ያመቀችውን ቁጣ ከገለጸች በኋላ ውኃ ስጡኝ አለች፤ ብዙ ጠጣች፤ ብርጭቆው ከንፈሯ ላይ እንዳለም ነቃች፤ ችግሩም ተመልሶ አልመጣም። ከዚህ በኋላ ብሮየርና ቤርታ እያንዳንዱን ምልክት ከቅርቡ ጊዜ እየጀመሩ ወደ ኋላ፣ መጀመሪያ ወደታየበት ቀን ድረስ ይከተሉት ጀመር። ሥራው እጅግ አድካሚ ነበር፤ ሰው ወደ ክፍሏ ሲገባ ሳትሰማ የቀረችባቸው አጋጣሚዎች ብቻ 108 ሆነው ተመዝግበዋል። የእጇ ሽባነትም በአንድ ሌሊት ላይ አረፈ፤ ቀኝ እጇን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ጥላ በአባቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ሳለ፣ ጥቁር እባብ ከግድግዳው ወጥቶ በሽተኛውን ሊነድፍ ሲመጣ ታያት፤ ልትከላከል ብትሞክር እጇ ደንዝዞ አልታዘዝ አላት፤ ልትጸልይ ብትል ቃል አጣች፤ በመጨረሻም ትዝ ያላት አንድ የእንግሊዝኛ የልጆች ግጥም ነበር። እንግሊዝኛው ከየት እንደመጣም በዚሁ ታወቀ።

ለዚህ ሥራ ስም ያወጣችለትም ራሷ ቤርታ ናት፤ ቁም ነገር ስታወራ «የንግግር ሕክምና»፣ ስትቀልድ ደግሞ «የጭስ ማውጫ ጠረጋ» ትለው ነበር። ብሮየርና ፍሮይድ በ1895 «የሂስቴሪያ ጥናቶች» የተባለውን መጽሐፍ በጋራ ሲያሳትሙ የመጀመሪያው የሕመምተኛ ታሪክ የእርሷ ሆነ። ነገር ግን መጽሐፉ ያልተናገረው አለ፤ ቤርታ የብሮየር ሕክምና ባበቃ በሳምንታት ውስጥ ክሮይትስሊንገን በምትባለው የስዊዘርላንድ ከተማ ወደሚገኝ የሕሙማን ማገገሚያ ገብታ ነበር፤ ከባድ የፊት ነርቭ ሕመም ነበረባት፤ ለማስታገሻ ይሰጣት የነበረውም ሞርፊን ሱስ ሆኖባት ነበር፤ በኋላም ቪየና አጠገብ ባለ ሌላ ተቋም ደጋግማ ታክማለች። ይህን ያወጣው የሕክምና ታሪክ ተመራማሪው ሄንሪ ኤለንበርገር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የማገገሚያውን ሰነዶች ፈልጎ ባገኘ ጊዜ ነው። በሌላ በኩል፣ ብሮየር ታካሚዋ ስለወደደችው ደንግጦ ከሚስቱ ጋር ወደ ቬኒስ ሸሸ፣ ሴት ልጁም በዚያ ጉዞ ተፀነሰች የሚለው፣ የፍሮይድ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ኧርነስት ጆንስ በ1953 ያሰራጨው ወሬ እስከ ዛሬ በፊልምና በመጽሐፍ ይደጋገማል፤ ልጅቱ የተወለደችው ግን ሕክምናው ገና ሳያበቃ በማርች 1882 ስለሆነ የልደት መዝገቡ ብቻውን ወሬውን ይሽረዋል። ጸሐፊዎች ይህን ያህል ቀላል ማጣራት ሳያደርጉ ተረቱን መቀባበላቸው ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው።

ቤርታ ራሷ ከዚያ በኋላ የኖረችው ሕይወት ደግሞ በእነዚህ መግቢያዎች ላይ ከነጭራሹ አይነሳም። ከእናቷ ጋር ወደ ፍራንክፈርት ሄዳ የሙት ልጆች ማሳደጊያ መራች፤ በ1904 የጀርመን አይሁዳውያን ሴቶችን ማኅበር መሠረተች፤ በ1907 ኖይ ኢዘንቡርግ በተባለ ቦታ ከሴተኛ አዳሪነትና ከሰው ንግድ ለዳኑ ልጃገረዶችና ያለ ጋብቻ ለወለዱ እናቶች መጠለያ ከፈተች፤ ሴቶችን ለዝሙት የሚሸጡ ነጋዴዎችንም እየተጓዘች ተዋጋች። በ1954 ምዕራብ ጀርመን በፖስታ ቴምብር ላይ ያከበረቻት በዚህ ሥራዋ እንጂ በሕመሟ አልነበረም።

ፍሮይድ ከዚህ ታሪክ የወሰደውን ትምህርት ያጠናከሩለት ሌሎች ታካሚዎች ናቸው። በ1889 ያከማት፣ በጽሑፉ ወይዘሮ ኤሚ ብሎ የጠራት ሴት፣ ይህ ከምን መጣ፣ ያ ከምን መጣ እያለ መጠየቁን ትቶ የምትናገረውን እንዲያስጨርሳት በቁጣ አዘዘችው። ሂፕኖሲስ በሁሉም ላይ እንደማይሠራ ከተረዳ በኋላ የታካሚዎቹን ግንባር በእጁ እየተጫነ «አሁን ምን ታሰበህ?» የሚል ዘዴ ቢሞክርም፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ሙከራ የሚናገሩት ነገር ገና በመጀመሪያው መጥቶላቸው እንደነበር፣ የማይረባ መስሏቸው ወይም መናገሩ አስጠልቷቸው እንደተዉት ያምኑለት ነበር። ስለዚህ እጁንም አነሳ፤ የቀረው አንድ ደንብ ብቻ ሆነ፤ ታካሚው የመጣለትን ሁሉ፣ ቢያሳፍርም፣ ከጉዳዩ የራቀ ቢመስልም ሳያጣራ ይናገር። ነፃ የሐሳብ ፍሰት የሚባለው ይህ ነው። ፍሮይድ በ1913 ለሐኪሞች በጻፈው መመሪያ ደንቡን ሲያስረዳ፣ ታካሚው በባቡር መስኮት አጠገብ ተቀምጦ የሚያልፈውን አገር መስኮቱ ለራቀው ጓደኛው እንደሚተርክ መንገደኛ እንዲሆን ይመክራል። ሐኪሙም በፊናው ማስታወሻ ሳይዝ፣ ይህ ይጠቅማል ያ አይጠቅምም ብሎ ሳይለይ በእኩል ትኩረት እንዲያዳምጥ ይጠበቅበታል። ታካሚው በሶፋ ላይ መጋደሙና ሐኪሙ ከራስጌው መቀመጡ ግን ሰዎች እንደሚያስቡት ጥልቅ ምሥጢር የለበትም፤ ከሂፕኖሲስ ዘመን የቀረ ልማድ ሲሆን፣ ፍሮይድም በቀን ስምንት ሰዓት ሰው ዐይን ዐይኑን ሲያየው መዋል እንደማይችል በግልጽ ጽፏል።

ዋና ዋናዎቹ ሐሳቦች የሚመነጩት ከዚሁ ደንብ ነው፤ ይልቁንም ደንቡ በሚጣስበት ቦታ ነው። ታካሚው ሁሉን እንዲናገር ተስማምቶ ሳለ በሆነ ቦታ ይቆማል፣ ይረሳል፣ ወሬ ይቀይራል፣ አርፍዶ ይመጣል፤ ይህ እምቢታ ይባላል። እምቢታ ካለ የሚከለከል ነገር አለ ማለት ስለሆነ፣ አእምሮ የማይችለውን ምኞት ወይም ትዝታ ከንቃት እንደሚያባርር፣ የተባረረውም ሳይጠፋ በሕመም ምልክት፣ በአፍ ወለምታና በሕልም መልክ እንደሚመለስ ፍሮይድ ደመደመ፤ ማባረሩን አፈና፣ የታፈነው የሚኖርበትንም ድብቁ አእምሮ ብሎታል። ድብቁን አእምሮ ያገኘው ፍሮይድ ነው የሚለው አባባል ትክክል አይደለም፤ ኤድዋርት ፎን ሃርትማን በዚሁ ርእስ ወፍራም የፍልስፍና መጽሐፍ ያሳተመው በ1869፣ ፍሮይድ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። የፍሮይድ ድርሻ የታፈነውን ከተናጋሪው አፍ የሚሰማበትን መንገድ ማበጀቱ ነው። ታካሚው ለአባቱ ወይም ለእናቱ የነበረውን ፍቅርና ቂም ሳያውቀው በሐኪሙ ላይ ማዞሩ ደግሞ የስሜት ሽግግር ይባላል። ፍሮይድ ዋጋውን የተማረው በሽንፈት ነው፤ «ዶራ» ብሎ የሰየማት የ18 ዓመት ወጣት ሽግግሩን ሳያስተውልላት በ11ኛው ሳምንት፣ በ1900 የመጨረሻ ቀን ሕክምናውን አቋርጣ ሄደች፤ እርሱም ጉድለቱን በ1905 ባሳተመው ታሪኳ ውስጥ አምኖ ጽፏል።

በሕልም ረገድ ለአማርኛ አንባቢ ልዩ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል፤ «ሕልም እንደ ፈቺው» በሚባልበት አገር ፍሮይድን እንደ አንድ ተጨማሪ ሕልም ፈቺ መቁጠር ይቀናልና። በ1899 ማብቂያ ታትሞ ሽፋኑ ላይ 1900 የተጻፈበት፣ 600 ቅጂውም ተሸጦ ለማለቅ ስምንት ዓመት የፈጀው የሕልም መጽሐፉ የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ እባብ ይህ ነው፣ ጥርስ መውለቅ ያ ነው የሚል ቋሚ የፍቺ ዝርዝርን ይነቅፋል፤ ሕልሙን የሚፈታው ሕልመኛው ሲሆን፣ በየቁራጩ ላይ የመጣለትን እየተናገረ ነው። ፍሮይድ ራሱ በኋለኞቹ እትሞች ቋሚ ምልክቶችን ማብዛቱ እርግጥ ነው፤ ይህም ከመጽሐፉ ክፍሎች ሁሉ ደካማው ነው። ከማያውቁት ሰው ሕልም ተነስተው በየመጽሔቱ ትንታኔ የሚሰጡ ሰዎች ሕልመኛውን ሳይሰሙ የሚናገሩት ሁሉ የራሳቸው እንጂ የሳይኮአናሊስስ አይደለም።

ትችቱ ብዙና ብዙውም ተገቢ ነው። ፈላስፋው ካርል ፖፐር ንድፈ ሐሳቡ ሐሰት መሆኑ ሊፈተን የሚችልበት መንገድ የለውም ብሏል፤ ስለ ሴቶች የተባለው አብዛኛው ዕድሜው አልፏል፤ ለዓመታት የሚዘልቀው ሕክምናም ለብዙዎች ኪስ የሚቻል አይደለም፤ ምንም እንኳ በ1920 በበርሊን፣ በ1922ም በቪየና የተከፈቱት ክሊኒኮች ለድሆች በነፃ ያክሙ የነበረ ቢሆንም። የዛሬውን የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ያስጀመረው አሜሪካዊው አሮን ቤክ ሳይኮአናሊስስን ተምሮ የተወ ሰው ነው፤ ነገር ግን ከተወው ሙያ ይዞት የወጣው አንድ ልማድ አለ፣ ሕመምተኛው ለራሱ የሚናገረውን ማዳመጥ።

በበርሊን የተደራጀው ማሠልጠኛ ያስጀመረው ደንብ ዛሬም ጸንቷል፤ ሳይኮአናሊስት ለመሆን የሚፈልግ ሰው ከትምህርቱና በአሠልጣኝ ክትትል ከሚሰጠው ሕክምና በተጨማሪ ራሱ ለዓመታት በታካሚነት ሶፋው ላይ መጋደምና ለነፃ የሐሳብ ፍሰት ደንብ መገዛት አለበት። መሥራቹ ግን ራሱን በራሱ ከመመርመር በቀር በሌላ ሰው ፊት በዚህ መልክ አልተመረመረም። በዘመኑ የፍሮይድ የሥራ ባልደረባ የነበረው ካርል ዩንግ በሕይወት ታሪኩ እንደተረከው፣ በ1909 ወደ አሜሪካ አብረው ሲጓዙ የፍሮይድን ሕልም ለመፍታት ከግል ሕይወቱ ጥቂት ተጨማሪ ነገር እንዲነግረው ቢጠይቀው፣ ፍሮይድ በጥርጣሬ ተመልክቶት፣ ሥልጣኑን ለአደጋ ማጋለጥ እንደማይችል ገልጾ እምቢ አለ።