ከቆርቆሮው በታች፣ ከኮርኒሱ በላይ

የካቲትና መጋቢት ላይ በጅማ ከተማ ኪቶ ፉርዲሳ ውስጥ በቆርቆሮ ቤት የሚኖር ሰው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ ያቅተዋል። መስኮት ይከፍታል፣ በር ይከፍታል፣ ሲመረው ቬንትሌተር ይገዛል። ዋናው ሙቀት ግን የሚመጣው ከአናቱ ነው። ወንበር ላይ ቆሞ መዳፉን ወደ ኮርኒሱ ቢያስጠጋ፣ ገና ሳይነካው ይሰማዋል።

ጅማ በረሃ አይደለችም። ከፍታዋ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቷም ብርድ ልብስ ያስደርባል። ጥላ ሥር አየሩ 28 ወይም 30 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት ግን ፀሐይ ያረፈበት የዛገ ቆርቆሮ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ሰው መድኃኒቱ ወፍራም ቆርቆሮ ይመስለዋል። ብረት ግላስ ዉል ከሚባለው የመስታወት ቃጫ ከሺህ እጥፍ በላይ ሙቀት ያሳልፋልና፣ 32 ጌጁ ተነሥቶ 28 ቢመታ ጣሪያው ይጠነክራል እንጂ ቤቱ አይቀዘቅዝም።

ቁም ነገሩ ያለው በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል እንጂ አይወርድም፤ ስለዚህ በቀን ከቆርቆሮው ወደ ኮርኒሱ የሚወርደው ሙቀት አብዛኛው ጨረር ነው። የከሰል ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ፊቱን የሚሞቀው በዚሁ መንገድ ነው። ጣሪያው ሥር አየር ማስወጫ መክፈት ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው።

ጨረርን የሚያግደው የሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ፎይል ነው። ከወራጆቹ ሥር ይወጠራል፤ የሚያብለጨልጨው ፊቱ ወደ ታች ይዞራል፤ ከሥሩም ባዶ አየር ይተውለታል። ፊቱ ወደ ላይ ከዞረ አቧራ ይለብስና ሥራው ይቀንሳል። ከኮርኒሱ ጋር ከተጣበቀም ጥቅም የለውም፤ አንጸባራቂነቱ የሚሠራው አየር ሲያገኝ ብቻ ነው። ፎይል መግዛት ያልቻለ የዛገውን ቆርቆሮ ፍቆ፣ አንቲረስት ቀብቶ፣ ከላይ ነጭ ቀለም ቢደርብበት ፀሐይዋ ገና ሳትገባ ብዙውን ይመልሳል።

ግላስ ዉል የሚነጠፈው ኮርኒሱ ላይ ነው። በቃጫው መካከል የታሰረው አየር ነው ሙቀቱን የሚያግደው፤ የሳር ቤት ቀዝቃዛነትም ከዚሁ የመጣ ነው። በጅማ ግላስ ዉል ከቀን ሙቀት ሌላ የሌሊቱን ብርድም ይቀንሳል፣ የክረምቱን የቆርቆሮ ጩኸትም ያለዝባል። ልጅ የሚያስጠና ቤተሰብ ይህን የመጨረሻውን ጥቅም ከሁሉ በላይ እንደሚወድደው አልጠራጠርም። ሲነጠፍ ጓንትና ማስክ ያስፈልጋል። ቺፑድ ኮርኒስ ከተረበረበ ይሸከመዋል፤ የማዳበሪያ ኮርኒስ ግን ይረግባልና ለእሱ ፎይሉ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ግን ፍሳሹ ይደፈን። እርጥብ ግላስ ዉል ሙቀት አይከላከልም። በምስማሩ ቀዳዳ ከሚገባው ዝናብ ሌላ ቆርቆሮው ራሱ ማለዳ ከሥሩ ያልበዋል፤ ጠብታው ተጠራቅሞ ሲወርድ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ምልክት ይተዋል። ስለዚህ ከላይና ከታች አየር ማስወጫ ይኑር፤ አይጥ እንዳይገባም በወንፊት ሽቦ ይሸፈን።

ከጅማ እስከ አጋሮ በየቡና መፈልፈያው የሚከመረውን ገለፈትስ ኮርኒስ ላይ ብናፈስሰው የሚል አይጠፋም። ልቅ ሆኖ መፍሰስ የለበትም፦ እርጥበት ይስባል፣ ይሻግታል፣ ነፍሳት ይጠራል፣ የመብራት ሽቦ ባለበት ቦታ ደግሞ ለእሳት ማገዶ ነው። በማጣበቂያ ታሽቶ፣ እሳት የሚቋቋም ነገር ተጨምሮበት፣ በመጭመቂያ ሰሌዳ ቢሆን ሌላ ነገር ነው፤ ከቡና ገለፈት ሰሌዳ የመሥራት ሙከራ በዓለም ላይ አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው እዚሁ ኪቶ ፉርዲሳ ነው። ጥሬ ዕቃው በጭነት መኪና ቅርብ ነው። ሰሌዳው በአካባቢው በሚገኝ አንድ የቆርቆሮ ቤት ኮርኒስ ላይ ተገጥሞ፣ አንድ በጋና አንድ ክረምት ሙቀቱም እርጥበቱም ቢለካ እጅግ ደስ ይለኛል።